የአቶ ያየህ ጓጉንቸር

ስማ ተብለሃል፤ ያልሰማህም ከሰማው ተበደር። ቁመቱ ከመሶብ ጥቂት ከፍ፣ ማዕረጉ ከፍርድ ቤት ዘበኛ ጥቂት ዝቅ ያለው፣ በቢቸና ፍርድ ቤት አጥር ሥር ሣጥን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ ያየህ ደምለው፣ ከዛሬ ጀምሮ የመኝታ ቤቱን በር ሊዘጋ ቆርጦ ተነሥቷል። ስለዚህ የሥጋ ዘመድ፣ አበልጅ፣ የጡት ወንድም፣ የጽዋ ማኅበርተኛ፣ በመንገድ ሲያልፍ ውሃ የጠማውም ሁሉ ይህን አውቆ ከበሩ አንድ ክንድ ፈቀቅ ይበል። አልሰማሁም የሚል ቢኖር፣ ጆሮውን ከበሩ ላይ አንሥቶ ይስማ።

ይህ አዋጅ አልታወጀም። ነጋሪት የሚጎስምለት ጠፍቶ ነው እንጂ ከዚህ ላነሰ ነገር ስንት የበሬ ቆዳ ተደብድቧል። መሬት ላራሹ የሚሉ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ይጮኻሉ የሚል ወሬ በዚያ ሰሞን፣ በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ቢቸና ደርሶ ነበር። አልጋ ለተኛበት ብሎ የጮኸ ግን ከአቶ ያየህ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። እሱም የጮኸው በሆዱ ነው።

አቶ ያየህ የተወለደው ከቢቸና የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች አጥቢያ ነው። አባቱ ደምለው ገበሬ፣ እናቱ ስንቄ ከሞጣ በጋብቻ የመጡ ሴት። በሰባት ዓመቱ ለቅኔ ትምህርት ተሰጠና ስምንት ዓመት ቅኔ ቆጠረ፤ ስምንቱንም ዓመት ከየመንደሩ ውሻ ጋር ተጣላ። በስምንተኛው ዓመት የኔታው ጠርተው፣ ልጄ ቅኔህ ያነክሳል፣ እጅህ ግን ይሮጣል፣ እጅህን ተከተል ብለው አሰናበቱት። እጁን ተከትሎ ቢቸና ገባ።

እጁ በእውነት ይሮጥ ነበር። ሁለት ክንድ ድንበር የተገፋ ባላገር መጥቶ ጉዳዩን ሲነግረው፣ አቶ ያየህ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ሁለቱን ክንድ የአገር ዳር ድንበር ያደርጋታል። የጠፋች ፍየል እንኳ ከሱ እጅ ስትወጣ እናትና አባት የሌላት ሕፃን መስላ ነው። ሚስቱን የሚፈታም እሱ ዘንድ ይመጣል፤ ያየህ ራሱን ነቅንቆ፣ ታረቁ ብሎ፣ ካልሆነም ከንፈሩን እየመጠጠ ይጽፍለታል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ስንት እንደጻፈ አያውቅም፤ ግን በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ ቀለሙን በአሸዋ ሲያደርቅ፣ ወደ ቤቱ ቶሎ መሄድ ያምረዋል።

ቤቱ ሚስቱ ይርጋነሽ አለቻ። ይርጋነሽ የደብረ ወርቅ ልጅ ናት፤ በቁመት በአንድ ራስ ትበልጠዋለች። አብረው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እሱ ሁልጊዜ ከመንገዱ በአቀበቱ በኩል ይሄድና ትከሻ ለትከሻ ይሆናሉ። ይህን ዘዴ ያገኘችው እሷ ናት፤ ሳትነግረው፣ ቀስ ብላ ወደ ቁልቁለቱ ጠጋ እያለች። ሰው ፊት እርስዎ ትለዋለች፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ አንተ ትለዋለች፣ ስትስቅ ደግሞ አንተ አጭር። አቶ ያየህ ከዳኛ አፍ ክቡር ተብሎ ቢጠራ፣ የአንተ አጭርን ያህል ባላሞቀው ነበር።

ጣጣው ሁለቱ ብቻ የሚሆኑበት ሰዓት ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። በውጭኛው ግራና ቀኝ የጭቃ መደብ አለ፤ በውስጠኛው አንድ የጠፍር አልጋ። አቶ ያየህ ቢቸና ገብቶ ፍርድ ቤት ደጅ መቀመጡ በአባቱ አገር በተሰማ ጊዜ ዘመድ ሁሉ፣ ፍርድ ቤት ሰው አለን አለ። ሰውየው አጥር ሥር መቀመጡን ማንም አላጣራም። ጥር ሲገባ አውድማው ይጠረጋል፣ እህሉ ይገባል፣ ባላገሩ ሥራ ይፈታል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ሥራ ክስ ነው። ባለ ርስቱ ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ያየህ ቤት ይወርዳል። ወረቀት በታኞቹ ተማሪዎች ገዥ መደብ የሚሉት ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው ወደዚያ ቤት ጎራ ይበል፤ በግራም በቀኝም መደቡን የገዛው ዘመድ ተጋድሞ ያገኘዋል።

የገዥዎቹ አለቃ አያ ታዘበው ነበሩ፤ የአባቱ የአጎት ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት የፈጀ የርስት ክርክር አላቸው። ባላጋራቸው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሳቸው ከልጁ ጋር ቀጥለዋል። ክርክሩን ያለ ሰዓት ያስቡታል፤ ባሰቡ ቁጥር ደግሞ ያየህን ይጠሩታል። ክፉ ሰው አይደሉም። ከመጡ ማር ይዘው ነው፤ ይርጋነሽን ልጄ ነው የሚሏት። ብቻ በር የሚባል ነገር ለከብት የተፈጠረ ይመስላቸዋል።

ሰው በላይ በላዩ ሲጨመር ለሁለቱ የተረፈውን ጊዜ እስቲ አስላው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ቅዳሜና እሑድ ለሚጠነቀቅ ሰው ሰንበት ነው። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን፣ የገና ጾም አርባ ሦስት፣ ፍልሰታ ግማሽ ወር፣ የሰኔው ጾም እንደ ዓመቱ። ነነዌ ሦስት ቀን ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ሰኞና ማክሰኞን መርጣ ነው የምትመጣው። ይህን ሁሉ እግዚአብሔር ወሰደው፤ ይውሰድ፣ የሱ ነው። የቀረውን አያ ታዘበው ወሰዱት።

በዚህ ላይ እናቱ መጡ።

እማማ ስንቄ ለመስቀል መጥተው በዚያው ቀሩ። ልጃቸው ካገባ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ የልጅ ልጅ የለም። ለምን እንደሌለ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት፤ ለዚህም ከቤቱ ሁሉ የተሻለውን ቦታ መረጡ። ሌላው ቦታ ነፋስ አለው ብለው አጎዛቸውን ከውስጠኛው ክፍል መግቢያ ሥር፣ ከደፉ ላይ ዘረጉ። የጠፍር አልጋ ምስጢር አይችልም፤ አንዱ ገልበጥ ሲል እንደ ጋሪ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ደግሞ ከደፉ ላይ፣ ምን ሆናችሁ ልጆቼ፣ ሆዳችሁን አመማችሁ የሚል የእናት ድምፅ ይመጣል። ከመደቡ ላይ አያ ታዘበው ይነቁና፣ ያየህ ካልተኛህስ ያች ይግባኝ ይላሉ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ልጅ አለመወለዱ እማማ ስንቄን ይገርማቸው ነበር። ለይርጋነሽ ከደብሩ ሁሉ ጠበል አመጡላት፤ መራራ ሥር ቀቅለው አጠጧት። እሷም ጠጣች። በመጨረሻ ታኅሣሥ ሲያልቅ ልጃቸውን ወደ ጓሮ ጠርተው ቁርጡን ነገሩት። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አንድ ምልክት ካልታየ፣ ይርጋነሽን በክብር ወደ አባቷ ቤት መልሰው ከሞጣ ማናለሽ የምትባል የደህና ሰው ልጅ ያመጡለታል። ይርጋነሽን ጠልተው አልነበረም፤ ይህን እያሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ዘር ሳላይ አፈር አልገባም አሉ እንጂ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

አቶ ያየህ አሰላው። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ጥቂት ሰኞ፣ ጥቂት ማክሰኞና ጥቂት ሐሙስ ቀርተውታል። እነሱም ቢሆኑ በክስ ወራት መካከል የገቡ ናቸው። ሚስቱ በእጁ ያለችው በነዚያ ቀኖች ልክ ነበር።

ትግሉ በደረጃ ሄደ፤ ትግል ሁሉ እንደሚባለው። የመጀመሪያው ደረጃ የአቡጀዲ መጋረጃ ነበር። አያ ታዘበው መጋረጃውን አይተው፣ ወባ መጣ እንዴ ብለው ገለጡት። ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ሳንቃ በር ነው፤ ጎረቤቱ ይግዛው አናጢው ሠራለት፣ በጠፍር ማሰሪያም ከውስጥ ይታሰር ጀመር። አያ ታዘበው ጣታቸውን በስንጥቁ ሰደው ጠፍሩን ፈቱትና፣ ጥጃ ያሰራችሁ መስሎኝ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታውን የጠየቁት ከአልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ የእንጨት መቀርቀሪያ ነበር፤ የወይራ፣ ክንድ የሚያህል። ይህ ከውጭ አይፈታም። ግን በዚያ አገር የውስጥ በር በቀን የሚዘጋው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሰው ታሞ ነው፣ ወይ ባልና ሚስት ተጣልተው። አቶ ያየህ አንድ ሰኞ ለምሳ ገብቶ በቀረቀረ ጊዜ እማማ ስንቄ መጀመሪያ ጠበል አመጡና በስንጥቁ ረጩበት። ሐሙስ ደግሞ ሲቀረቅር፣ እንግዲህ ሕመም ካልሆነ ጠብ ነው ብለው የንስሐ አባታቸውን ጠርተው መጡ። አቶ ያየህና ይርጋነሽ ከመደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያልተጣሉትን ጠብ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲታረቁ ቆዩ። አባ ሲመርቁ ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያየህ አላወቀም።

በጥር መጨረሻ የእናቱ ወንድም ተዝካር ደረሰና ሞጣ መሄድ ግድ ሆነ። ያየህ እናቱን ወክሎ በጭነት መኪና ላይ፣ በጤፍ ጆንያ መካከል ተወትፎ ሄደ። ተዝካሩ ላይ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ከጎኑ አስቀምጦ ጠላውን በላይ በላዩ ይቀዳለት ጀመር፤ ሥጋውንም መርጦ ያጎርሰዋል። ያየህ ሰውየው ማመልከቻ ሊያጽፈው መሰለው። ኋላ ስም ሲጠያየቁ የማናለሽ አባት ሆኖ ተገኘ። ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆመ። ሽማግሌው ጀርባውን እየመታ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ዋጥ፣ ጊዜ አለን አለው።

ጊዜ አልነበረም። ያየህ ከተዝካሩ ተነሥቶ በቀጥታ ገበያው ዳር ወዳለችው ወደ አቶ ሣህለ ማርያም ሱቅ ሄደ። ቢቸና ላይ ቁልፍ ቢገዛ ከተማው፣ አጥር ሥር የሚቀመጥ ሰው ምን የሚቆለፍ አገኘ ብሎ ሳምንት ያወራል፤ ሞጣ ግን ማን ያውቀዋል ብሎ ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ነበር። ሣህለ ማርያም፣ ቁልፉ ለጎተራ ነው ለሣጥን ብሎ ጠየቀው። ያየህ ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ የብረት መሸጎሪያ አየ፤ ዝም የምትል፣ ድምፅ የሌላት የምትመስል። ያችስ አለ በቀጭን ድምፅ።

«እሷ ከውስጥ ለሚዘጋ ናት» አለ ሣህለ ማርያም። «ከርማለች፣ ገዥ የላትም። ሰው ውስጥ ካለ ምን ቁልፍ አስፈለገው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ቅኔ ቤት ስምንት ዓመት የቆየው፣ በሌላ ሰው ጉዳይ ዳኛ የሚያስለቅሰው ሰው፣ ለራሱ ጉዳይ አንዲት ቃል አጣ። ለጎተራ ነው አለ። ሣህለ ማርያምም የሰው ጡጫ የሚያህል ጥቁር ጓጉንቸር አወረደለት፤ ሁለት ትልልቅ የብረት ቀለበትም ጨመረበት። ያየህ ይህን ጓጉንቸር በኩታው ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ታቅፎት ቢቸና ገባ።

ይግዛው ቀለበቶቹን ሊመታ መጥቶ ከውስጥ በኩል ሲባል መዶሻውን አወረደ። ሌባው ከናንተ ጋር ነው እንዴ የሚያድረው አለ። ያየህ የሰው ወረቀት ስለማስቀምጥ ነው አለ፤ ይግዛውም የገባው ሰው መስሎ መታለት።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለምሳ ሲገባ እንግዶቹ በልተው ጋደም ብለዋል፤ እማማ ስንቄ ደፉ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ያየህና ይርጋነሽ ወረቀት እንደሚፈልጉ ሆነው ገቡ። ያየህ ጓጉንቸሩን በቀለበቱ አሳልፎ ጫነው። የቁልፉ ቀጭታ እንደ ጠመንጃ ቃታ ጮኸ። ውጭ የነበረው ማንኮራፋት ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ፤ የእማማ ስንቄ እንዝርትም ቆመ። ያን ያህል ጸጥታ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ያየህ ከሳንቃው ወዲያ ያለውን ጆሮ ሁሉ በቆዳው ቆጠረው።

ከዚያ አያ ታዘበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያየህ ልጄ፣ ከቆለፍህ አለህ ማለት ነው። ካለህ ዘንዳ ያችን ይግባኝ ከነማኅተሟ ብታሳየኝ ምናለ።»

ይርጋነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያየህ እያለቀሰች መስሎት ቀረበ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። ከንፈሯን ወደ ጆሮው አስጠግታ፣ ከበሩ ወዲያ ያሉትን ፈርታ አሁንም እርስዎ እያለች፣ «እርስዎ የገዙት ቁልፍ አይደለም፤ ደወል ነው» አለችው።

እውነቷን ነው። በር ባጠነከረ ቁጥር ውስጥ መሆኑን አብልጦ ይናገራል። ከውስጥ የተዘጋ በር ሰው አለ ማለት ነው፤ ሰው ካለ ደግሞ ለዘመድ ይከፈታል። የቢቸና ባላገር ይህን በማንም ሕግ አልጻፈውም፤ ሕጉን ግን ማንም ጥሶት አያውቅም። አቶ ያየህ ቁልፉን ፈትቶ ይግባኙን ከነማኅተሟ አውጥቶ ሰጠ።

ከዚያ ነነዌ መጣች፤ ሰኞና ማክሰኞን ይዛ ሄደች። ከሷ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንግዶቹ ወሰዷቸው፤ ከሁዳዴ በፊት አንዲት ሐሙስ ቀረች።

በዚያች ሐሙስ ጠዋት ያየህ ወደ ሥራው ሲሄድ ይርጋነሽ እስከ ደጁ ሸኘችው። አጥር ሥር ተቀምጦ ለአንድ ሰው የፍቺ ወረቀት ጀምሮ፣ መሀል ላይ ሲደርስ እጁ እንቢ አለው። ያ የሚሮጥ እጅ ቆመ። ባለጉዳዩን ነገ ና ብሎ አሰናብቶ፣ ሣጥኑን ዘግቶ፣ ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች ወደ ቤቱ ተነሣ።

ደጁ ላይ ዘንግ የለም። ውጭኛው ክፍል ውስጥ መደቡ በግራም በቀኝም ባዶ ነው፤ ተጠርጓል። እናቱ ብቻ ከውስጠኛው በር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ከኋላቸው በሩ ተዘግቷል። ቀለበቶቹ ከውስጥ ተነቅለው በውጭ በኩል ተመትተዋል፤ ያ ጥቁር ጓጉንቸር ከውጭ ተንጠልጥሎበታል። ቁልፉ በእማማ ስንቄ ማተብ ላይ፣ ከመስቀላቸው ጎን ታስሯል።

ያየህ ያውቀዋል፤ የምትሄድ ሴት ክፍል እንዲህ ነው የሚቆለፈው፤ ንብረት ለመቁጠር ሽማግሌ እስኪመጣ። እንዲህ የተቆለፈ በር በስንት ወረቀት ላይ ጽፎታል።

ይርጋነሽስ አለ።

«ሞጣ ሄዳለች» አሉ እናቱ፤ ዓይናቸውን ከእንዝርቱ አላነሡም።

ሞጣ ምን አላት፣ ሞጣ ማን አላት ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ማናለሽን አሰበ፤ የማናለሽን አባት፣ ጉርሻውን፣ ጊዜ አለን ያለውን። ምናልባት እሷው ማናለሽን ልትለምንለት ሄዳ ይሆን፤ ምናልባት ተተኪዋን ልትመርቅ። ይርጋነሽ ብትሆን ታደርገዋለች። ያየህ ደምለው በሠላሳ ሦስት ዓመቱ እናቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር፤ አሁንም አላደረገም። ከእናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠና፣

«እምዬ» አለ። «ስንቱ ሰው ሚስቱን ሲፈታ እኔ ጽፌለታለሁ። የኔን አልጽፍም። ዳግማይ ትንሣኤም ይምጣ፣ ሌላ ትንሣኤም ይምጣ፣ አልጽፍም። ልጅ ከሌለኝ የለኝም። አሁን ሞጣ ነው የምሄደው፣ በእግሬም ቢሆን።»

እማማ ስንቄ እንዝርታቸውን አቆሙ። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ድሮ ከቅኔ ቤት እግሩ ተልጦ ሲመጣ እንዳዩት አድርገው። ከዚያ ማተባቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ፣ ጎንበስ ብለው፣ ቁልፉን አስገብተው አዞሩት።

«ጨረስህ?» አሉ። «እንግዲህ አንተም ሞጣ ሂድ።»

በትከሻው ገፍተው አስገቡትና ከኋላው ቆለፉበት።

ይርጋነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ ነበር።

ጠዋት የሆነውን ያየህ ኋላ ነው የሰማው። እሱ እንደወጣ አማትና ምራት ጥጥ ሲፈለቅቁ እማማ ስንቄ ነገሩን በለሆሳስ አነሡት፤ አንቺን ማን ይጠላል ልጄ፣ ብቻ ዘር ነው፣ መካንነት ከእግዜር ነው አሉ። ይርጋነሽ ጥጡን አስቀመጠች። አራት ዓመት ጠበሉንም መራራውንም ዝም ብላ የጠጣችው ሴት ያን ቀን አልዋጥ አላት።

«እማማ፣ ሳይታረስ ይህ መሬት ጭንጫ ነው ይባላል?» አለች። «አራሹን እኮ ከማሳው ላይ ይጠሩታል። ቀን አያ ታዘበው፣ ሌሊት እርስዎ።»

ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ስንቄ ግን አልተቆጡም። ጣታቸውን ዘርግተው በአንጓው ይቆጥሩ ጀመር፤ ጾሙን፣ ሰንበቱን፣ የእንግዳውን ወር፣ ሆዳችሁን አመማችሁ ያሉበትን ሁሉ። ጣታቸው አለቀና እንደገና ጀመሩ። ሲጨርሱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«እኔና ደምለው እኮ» አሉ፣ «ከአማቴ ቤት ስንኖር የማሽላ ማማ ነበረን። ወፍ ልንጠብቅ እየተባለ። ከተማ ለካ ማማ የለውም።»

ተነሥተው ይግዛውን ጠሩት። ቀለበቱን ከውስጥ አስነቅለው ከውጭ አስመቱት፤ ይግዛው፣ አሁን ገና የቁልፍ ቦታ የሚያውቅ ሰው ጠራኝ አለ። ለእንግዶቹም ሞጣ ለቅሶ ሆኗል፣ ያየህም ይርጋነሽም ሄደዋል፣ ቤቱ ይቆለፋል፣ ሁዳዴም እየገባ ነው አሉ። ለቅሶ ሲባል ባላገር ጥያቄ የለውም። እግዜር ያጥናችሁ ብለው ስንቃቸውን ቋጥረው ወጡ።

አያ ታዘበው ብቻ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ተመለሱ፤ ዘንጋቸውን ከጓሮ ረስተው። ከውስጥ ያየህና ይርጋነሽ ድምፃቸውን አወቁት፤ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እማማ ስንቄ እንዝርታቸውን አላቆሙም።

አያ ታዘበው፣ ሁለቱም ነው የሄዱት ብለው ጠየቁ። ሁለቱም አሉ እማማ ስንቄ። መቼ ይመለሳሉ? መንገዱ እንደፈቀደ። አያ ታዘበው ወደ በሩ ቀረቡ፤ ጓጉንቸሩን በመዳፋቸው መዘኑት። መጋረጃ የገለጡ፣ ጠፍር የፈቱ፣ ከተቆለፈ በር ይግባኝ ያስወጡ ሰው በዚያ ጥቁር ብረት ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከውጭ የተቆለፈ በር አይዋሽማ።

«በሰላም ይመልሳቸው» አሉ፤ ዘንጋቸውን ይዘው ሄዱ።

ከውስጥ ይርጋነሽ ኩታውን ጎትታ አፉ ላይ ጠቀጠቀችበት። ሳቁ ሊገድለው ነበር። «ዝም በል አንተ አጭር» አለችው በጆሮው፤ «ሞጣ ላይ ሰው ይሰማናል።»

ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ይርጋነሽ የወጥ ሽታ አልወድ አለች፤ ደስታዋን የነገረችው ግን ለባሏ ሳይሆን መጀመሪያ ለአማቷ ነው። እማማ ስንቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናለሽ የምትባል ሰው ሰምተውም አያውቁም። በኅዳር ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሰብለ ወንጌል ተባለች። ቁመቷን ከእናቷ ነው የወሰደችው፤ አቶ ያየህ ይህን ለሰው ሁሉ ሲናገር ደረቱን ነፍቶ ነው። አያ ታዘበው ለክርስትናው ሁለት ገንቦ ማር ይዘው መጡ፤ ወራቱን በጣታቸው ቆጥረው፣ ሞጣ ለቅሶ ላይ ሆናችሁ ነው እንዴ ብለው ትንሽ ተገረሙ፤ ከዚያ ስለ ይግባኙ ጠየቁ።

ነገሩ በሰፈሩ ሳይሰማ አልቀረም፤ ይግዛው አፉ እንደ መዶሻው ነው። አንድ ሁለት ቤት፣ እንግዳ የበዛባቸው፣ ጓጉንቸሩን ሊዋሱ መጡ። እማማ ስንቄ አውሰው ላኩ፤ ሳይሠራ ተመለሰ። ከውጭ የተቆለፈ በር ከውጭ የሚቆልፍ ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው ዓይኑን ከእንዝርት ሳያነሣ ሞጣ ሄደዋል የሚል መሆን አለበት። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ጓጉንቸሩ የሚዋሰው ከነአሮጊቷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በርጩማቸውን አስይዘው፣ ጥጣቸውን በመሶበ ወርቅ አድርገው፣ ቁልፉን በማተባቸው አንጠልጥለው ሲሄዱ የሚያያቸው የቢቸና ሰው መንገድ ይለቃል። ሰብአዊ መብት ነው ምንትስ ነው እያለ ወረቀት የሚበትነው ሁሉ፣ ለሰው ልጅ የሚበጀውን አንዲት አሮጊት በአንድ እንዝርት ስትሠራው ቢያይ ወረቀቱን ለጥጥ መጠቅለያ ይሰጣት ነበር።

አቶ ያየህ ዛሬም አጥር ሥር ነው። የፍቺ ወረቀት ሲመጣለት አሁን ወዲያው አይጽፍም። ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው፣ መደቡ ላይ ማን ያድራል ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ብዕሩን ያስቀምጥና ወደ እናቱ ይልካል። በዚህ ስንት ደንበኛ እንዳጣ ይርጋነሽ ታውቃለች፤ ታውቃለችና አብረው ሲሄዱ ወደ ቁልቁለቱ ጠጋ ትልለታለች።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ እያነበብህ አያ ታዘበውን የሳቅህባቸው፣ አንተም የአንድ ሰው አያ ታዘበው መሆንህን አትርሳ። አንድ ሐሙስ በቢቸና ብታልፍ፣ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት በር ብታይ፣ ከፊቱም አሮጊት ተቀምጣ ብትፈትልና ሞጣ ሄደዋል ብትልህ፣ መቼ ይመለሳሉ አትበላት። ጆሮህንም ወደ ሳንቃው አታስጠጋ። ዘንግህን አንሣ፣ በሰላም ይመልሳቸው በል፣ እና እባክህን፣ ስትወጣ ያንን የውጭ በር ዝጋው።